ቦክሲና አቶስ፦ ሁለት መኪኖች በካርቱም ታሪክ ውስጥ

በካርቱም የሻይ ቦታዎችና ጋራዦች ውስጥ ለዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ አንድ ክርክር አለ። ቦክሲ ይሻላል ወይስ አቶስ? ቦክሲ የሚባለው ጀርባው ክፍት የሆነው የጃፓኑ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፤ በተለይም የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ሥሪት። አቶስ ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ህዩንዳይ ያወጣት፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል የሆነች፣ ከኋላዋ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ያላት ትንሽ መኪና ናት። የመኪና ሰዎች እንዲህ ያለችዋን ሃችባክ ይሏታል። አማርኛው የመጀመሪያውን በወንድ፣ ሁለተኛዋን በሴት አንቀጽ መጥራቱ ከመጠናቸው የመጣ የቋንቋ ልማድ ነው እንጂ አስቀድሞ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ክርክሩ በብረትና በነዳጅ ብቻ ቢለካ ቶሎ በተዘጋ ነበር። የቦክሲ አካል የተቀመጠው በሁለት ረጃጅም ብረቶችና በመካከላቸው በተጋደሙ ማያያዣዎች በተሠራ፣ መሰላል በሚመስል ሻንሲ ላይ ነው። የኋላ ጎማውን የሚሸከምለት ባሌስትራ ነው። ባሌስትራው ባዶውን ሲሄድ ተሳፋሪን ያንገላታል፤ አንድ ቶን ያህል ሲጫንበት ግን አደብ ይገዛል። የቀድሞው ሞተር በካርቡራተር የሚሠራ በመሆኑ አንድ ብልህ መካኒክ በመንገድ ዳር በመፍቻና በሽቦ ብቻ ሊያስነሣው ይችላል። የአቶስ ነገር ሌላ ነው። ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። አንድ ሺህ ሲሲ ገደማ የሆነው ሞተሯ የፊት ጎማዎችን ያሽከረክራል። በአንድ ሊትር ቤንዚን የምትጓዘው መንገድ የአሮጌውን ፒካፕ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከመሬት ብዙ ከፍ ስለማትል ግን የካርቱም ጉድጓድ ሆዷን ይፍቃታል፤ አሸዋ ከያዛትም ራሷን አታወጣም። እንግዲህ ለጭነትና ለበረሃ ቦክሲ፣ ለከተማና ለኪስ አቶስ። ይህን ለማወቅ ታሪክ ማገላበጥ አያሻም። ታሪክ የሚጠይቀው እነዚህ መኪኖች በዚህች ከተማ ማንን እንደጫኑና እንዴት አድርገው እንደጫኑ ነው።

የሁለቱም ዘር ከዕቃ ጭነት ጋር የተያያዘ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የአሜሪካው ፎርድ በ1925 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን ከፋብሪካ ከነክፍት ሳጥኗ አውጥቶ በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ የታሰበችውም ለገበሬና ለአናጢ ነበር። ፈረንሳዊው ሲትሮኤን በበኩሉ በ1938 ሥጋ ሻጮችና ባለ ግሮሰሪዎች ዕቃቸውን ከኋላ እንዲጭኑ በማሰብ ጀርባዋ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት የቤት መኪና አወጣ። ይህን ሐሳብ በ1961 የመጣችው ሬኖ 4 ለተራው ቤተሰብ አዳረሰችው። ሃይሉክስ በማርች 1968፣ አቶስ በ1997፣ አዲስ አበቤው ቪትዝ ብሎ የሚያውቃት የቶዮታ ልጅ ደግሞ በ1999 ተከተሉ። ስለዚህ ፒካፑም ሃችባኳም የነጋዴ ዕቃ ለመሸከም የተፈጠሩ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው ጭነቱን ለሰማይ ክፍት አድርጎ ሲሸከም ሌላዋ በሯን ዘግታ መሸከሟ ነው። ካርቱም ውስጥ ይህ ልዩነት ብዙ ትርጉም ነበረው።

ሃይሉክስ ከመምጣቱ በፊት የሱዳን ገጠር ጌታ ቤድፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ሎሪ ነበር። የእንጨት ሣጥኑ በቀለም ያሸበረቀ፣ ከጭነቱ በላይ ሰው የሚሰቀልበት፣ አሸዋ ሲውጠው ረዳቶቹ የብረት ሰሌዳ ከጎማው ሥር እያነጠፉ የሚያወጡት መኪና ነበር። በ1970ዎቹ የነዳጅ ሀብት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሳበው ሱዳናዊ ሠራተኛ ግን ሲመለስ ዓይኑ ያረፈው በጃፓን ፒካፕ ላይ ነበር። ፒካፕ የስደቱን ጥሪት የሚሸከም፣ አገር ቤት ሲደርስም ወዲያው እንጀራ የሚያበላ ንብረት ነበር። ባለቤቱ ከኋላ ባለው ሣጥን ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያስበይዳል፤ በብረት ዘንግ ላይ ሸራ ይወጥራል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ስሙም ሳጥን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጥቶ በሱዳን ዓረብኛ "ቦክስ"፣ "ቦክሲ" ሆነ፤ ሲበዛም የዓረብኛውን ሰዋስው ተከትሎ "በካሲ" ተባለ። አንድ የውጭ ቃል የብዙ ቁጥሩን ከባዕድ ቋንቋ ሳይበደር በአገሬው ሕግ ሲያበዛ ዜግነት አገኘ ማለት ነው።

አዲስ አበቤ አንባቢ ይህን ሲያነብ "ውይይት" ታክሲን ሳያስታውስ አይቀርም። እሷም በፒካፕ ጀርባ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርጎ፣ ሸራ ወይም ቆርቆሮ ተከድኖ የተሠራች ነበረች። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ስለሚቀመጡ በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ከነበረው የውይይት ክበብ ስሟን ወሰደች። ሁለቱ ከተሞች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት መኪና ሠሩ፤ ካርቱም በቅርጹ ጠራው፣ አዲስ አበባ ግን ውስጡ በሚሆነው ነገር ሰየመችው። የአዲስ አበባው ስም በለጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የማያውቀውን ሰው ጉልበት በጉልበቱ ይነካል፤ የሒሳቡን ሳንቲም በማያውቀው ሰው እጅ ያሳልፋል፤ ሃቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣም ሁሉም እኩል አቧራ ይቅማል።

ለኢትዮጵያውያን ቦክሲ ከዚህም በላይ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከቀይ ሽብርና ከጦርነት፣ በ1984 እና በ1985 ደግሞ ከረሃብ ጭምር የሸሸው ሕዝብ በሑመራና በመተማ በኩል ድንበሩን የተሻገረው በአብዛኛው በእግሩ ነው። ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ጎማ ላይ እየተጠቀለለ መኪና ያስቆማል። እዚያ ጭቃ ውስጥ የሚደፍረው ሎሪው፣ ትራክተሩና ፒካፑ ብቻ ነበር። ገዳሪፍ የደረሰ ሰው ግን በ1980 ተጠናቅቆ ካርቱምን ከፖርት ሱዳን ያገናኘውን 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ያገኛል፤ ዋና ከተማዋም ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በደይም፣ በጅሬፍና በሳሃፋ ሰፈሮች የኖረ ሐበሻ ሁሉ ስለ መንገዱ ሲተርክ በታሪኩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የፒካፕ ጀርባ አለ፤ ሸራ ሥር መተኛት፣ ኬላ ሲደርሱ እስትንፋስ መያዝ፣ ንጋት ላይ አቧራን ከፊት መጥረግ።

ነገር ግን ያው መኪና ሌላም ሥራ ነበረው። በካርቱም የኖረ ሐበሻ "ከሻ" የሚለውን ቃል ትርጉም ከመዝገበ ቃላት አልተማረውም። ፖሊስ በድንገት ሰፈር ገብቶ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን፣ አንዳንዴም ያለውን ሰው እያፈሰ የሚወስድበት ዘመቻ ነው። የሚጫነውም በፒካፕና በትንንሽ የጭነት መኪኖች ጀርባ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ ሰበብ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፣ ከእነሱም መካከል እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት፣ ጀበናቸው፣ ከሰል ማንደጃቸውና ዝቅተኛ በርጩማዎቻቸው ተሰብስበው ተወስደዋል። ሕጉ የተሻረው በኖቬምበር 2019፣ የኦማር አል በሺር መንግሥት በወደቀ በሰባተኛው ወር ነው። እንግዲህ ለአንዲት የሻይ ነጋዴ የቦክሲ ድምፅ ሁለት ነገር ሊሆን ይችል ነበር፤ ጠዋት ደንበኛ የሚያመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዕለት ጉርሷን ጭኖ የሚሄድ። ክፍት ጀርባ ሁሉን ያሳያል፤ የተያዘውን ሰው ውርደትም ጭምር። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

አቶስ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከኦገስት 1999 ጀምሮ ሱዳን በ1,600 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ነዳጇን ወደ ቀይ ባሕር አውርዳ መሸጥ ጀመረች፤ ገንዘብ ወደ ካርቱም ገባ። በ1997 የተጣለው የአሜሪካ ማዕቀብ እስከ 2017 የቆየ በመሆኑ የከተማዋ የመኪና ገበያ ፊቱን ወደ እስያ አዞረ። ከካርቱም በስተደቡብ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቋቋመው የጊያድ የኢንዱስትሪ ከተማ በ2000 ሥራ ጀምሮ የኮሪያ መኪኖችን ይገጣጥም ገባ። ባንኮች ሙራባሃ በተባለው የእስልምና የንግድ ስልት መሠረት መኪናውን ራሳቸው ገዝተው ትርፍ ጨምረው ለደንበኛው በየወሩ በሚከፈል ሒሳብ ይሸጡለታል። አንድ መምህር ወይም አንድ ነርስ የራሱ መሪ ጨበጠ። ደይዎ የሠራት ትንሿ ቫን "አምጃድ" ተብላ፣ የሕንድ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ደግሞ "ረክሻ" ተብላ መንገዱን ሲሞሉት፣ ቦክሲ ከመሃል ከተማ እየተገፋ ወደ ዳር ሰፈርና ወደ ገጠር ወጣ።

የአቶስ ጥቅም የነዳጅ ቁጠባዋ ብቻ አልነበረም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሜይ ወር መስኮት ዘግቶ ቀዝቃዛ አየር መክፈት ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነበር። ከኋላ ያለው በርም ሥራ አልፈታም፤ የኋላ ወንበሩ ታጥፎ የከሰል ጆንያ፣ የሽንኩርት ከረጢት፣ ከደይም ወደ ምግብ ቤት የሚሄድ የእንጀራ ጥቅል ይገባበታል። የ1938ቱ ሥጋ ሻጭ ቢያይ ያውቃት ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለሐበሻው የሚበልጠው መዘጋቷ ነው። ማታ ከሥራ የምትመለስ ሴት በታወቀ ሰው አቶስ ውስጥ ብትቀመጥ ከመንገድ አትታይም። በ2010ዎቹ እንደ "ቲርሃል" ያሉ በስልክ የሚጠሩ የታክሲ አገልግሎቶች ሲስፋፉ ትንንሽ ሃችባኮች ዋና ሠራተኞቻቸው ሆኑ። ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ወንበር ቀረ፤ ተሳፋሪው የሾፌሩን ማጅራት እያየ፣ ከማንም ጋር ሳይወያይ የሚሄድበት ዘመን መጣ። ይህ ኪሳራ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ በከሻ መኪና ላይ አንድ ጊዜ የተጫነ ሰው በዚህ አይስማማም።

በጁላይ 2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛ ያህሉ አብሮ ሄደ። ፓውንዱ ወደቀ፤ መለዋወጫ ተወደደ፤ በ2018 በየማደያው የተሰለፈው መኪና መጨረሻው የማይታይ ሆነ። በዚያ ሰልፍ ላይ ሙሉ ቀን የቆመ ሰው አቶስ ለምን እንደተወደደች አስረጂ አያስፈልገውም። በጁን 2021 የነዳጅ ድጎማ ፈጽሞ ሲነሣ ደግሞ አሮጌው ቦክሲ በከተማ ውስጥ ራሱን ችሎ መኖር አቃተው። በዚሁ ዘመን ከጋዳፊ ውድቀት በኋላ ከሊቢያ በዳርፉር በኩል ያለ ቀረጥ የገቡ መኪኖች ከተማዋን አጥለቀለቋት፤ ሕዝቡም በምሬትና በቀልድ "ቦኮ ሃራም" ብሎ ሰየማቸው።

ሱዳናውያን ለመኪና ስም በማውጣት የሚታሙ አይደሉም። የሃይሉክስ ታላቅ ወንድም የሆነው የላንድ ክሩዘር ፒካፕ በሱዳን "ታቸር" ይባላል፤ ስሙ ከእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ከማርጋሬት ታቸር እንደተወሰደ ይነገራል። ኢትዮጵያውያን አንዱን የቶዮታ ሚኒባስ "አባዱላ" ብለው በአንድ ባለሥልጣን ስም ስለሚጠሩ ይህ አይገርማቸውም። የታቸር ታሪክ ግን በቀልድ አያበቃም። በጁላይ 1976 የኒሜሪ ተቃዋሚዎች ከሊቢያ ተነሥተው ካርቱምንና ኦምዱርማንን ሲያጠቁ በረሃውን ያቋረጡት በጭነት መኪና ነበር። በ1987 የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒካፖች ላይ ሚሳኤልና መትረየስ ጭነው የሊቢያን ታንኮች ድል ሲነሡ ግን የበረሃ ጦርነት መልኩ ተለወጠ፤ ዓለምም "የቶዮታ ጦርነት" አለው። ትምህርቱ ከቻድ ወደ ዳርፉር ለመሻገር ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም። በሜይ 10 ቀን 2008 የፍትሕና እኩልነት ንቅናቄ ተዋጊዎች ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጠው ኦምዱርማን ገቡ። ያመጣቸው ፒካፕ ነበር።

በ2003 አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ዝግጅት አሮጌ ሃይሉክስን ባሕር ውስጥ አስምጦ፣ አቃጥሎና በሚፈርስ ሕንፃ አናት ላይ አስቀምጦ በመጨረሻ ሞተሩ ሲነሣ ለተመልካች አሳይቷል። ተመልካቹ ሳቀ፣ አደነቀም። በምዕራብ ሱዳን ግን ያ የማይሞት ሞተር የሚያስቅ አልነበረም። መንደር ለሚያቃጥል ሰው ከዚህ የተመቸ መኪና የለም፤ ውኃና ነዳጅ ይጭናል፣ በአሸዋ ላይ አይቆምም፣ ቢሰበርም በዚያው ይጠገናል። ቦክሲን ለገበሬና ለስደተኛ ውድ ያደረገው ነገር ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ለተዋጊም ውድ አደረገው። የሰው ወንበር በተበየደበት ወለል ላይ የመትረየስ እግር ተበየደ።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ማለዳ ይህ መኪና ካርቱም መሃል ነበር። በ2013 የተቋቋመው የፈጥኖ ደራሽ ኃይልና የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ሲጋጩ ሸራ የለበሱ፣ ጭቃ የተቀቡ ፒካፖች በመኖሪያ ሰፈሮች፣ በሆስፒታሎችና በአውራ ጎዳናዎች ላይ ቆሙ። አየር ማረፊያው ተዘጋ። ከተማዋን ለቅቆ የሚወጣው ሕዝብ አውቶቡስ ካገኘ በአውቶቡስ፣ ካላገኘ ባለው መኪና ሄደ፤ የአውቶቡስ ዋጋም በየሰዓቱ ይጨምር ነበር። ትንሿ ሃችባክ ለአራት ሰው የታሰበች ብትሆንም አያትና ሕፃናት ተደራርበውባት፣ ፖርቶመጋላዋ ላይ ፍራሽ ታስሮባት፣ በየኬላው እየተፈተሸች ወደ ወድ መደኒ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ሰሜን ተጓዘች። በረሃ ላይ የማትሆን የተባለችው መኪና አስፋልቱ እስካለ ድረስ ሰው አወጣች። ብዙዎች ግን መኪናቸው በየበሩ በጠመንጃ ተነጥቋል፤ ለዘራፊው ፒካፑ ይሻለው ስለነበር ቦክሲ ያለው ሰው መጀመሪያ ተነጠቀ።

ኢትዮጵያውያኑ በገዳሪፍ በኩል ወደ ጋላባት ወረዱ። ከአርባ ዓመት በፊት የመጡበት መንገድ ነው፤ አሁን አስፋልት ለብሷል። ከእነሱ ጋር ሱዳናውያንም ነበሩ፤ ያ ድንበር በታሪኩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል ሰው ሲሻገርበት አይቶ አያውቅም ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። መኪና ያለውም የሌለውም ጋላባት ላይ ወርዶ ወደ መተማ የገባው በእግሩ ነው። በዲሴምበር 2023 ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ፣ እዚያ የተጠለለው ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው መንገድ ላይ ወጣ።

አዲስ አበባ የደረሱት ሌላ ዓለም ጠበቃቸው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ ካርቱም ውስጥ የመምህርና የነርስ መኪና የነበረችው ዓይነት ሃችባክ እዚያ እንደ መሬት ዋጋዋ የሚጨምር ንብረት ሆና ነበር። በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ።

ጦር ሠራዊቱ በማርች 2025 የሪፐብሊኩን ቤተ መንግሥትና የካርቱምን መሃል ካስለቀቀ በኋላ ሕዝቡ ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመረ። በየጎዳናው ጎማቸው የተፈታ፣ መስኮታቸው የረገፈ፣ ሞተራቸው የወጣ መኪኖች ቆመው ቀርተዋል። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ናቸው፤ ለዘመቻ የማይሆኑ በመሆናቸው እንደ ከብት ታርደው መለዋወጫቸው ተሸጠ። ፍራሽ፣ ድስትና የውኃ በርሜል ይዞ ለሚመለሰው ቤተሰብ ግን አሁንም የሚያስፈልገው ክፍት ጀርባ ያለው መኪና ነው። የሕዝቡ ዓይን በቦክሲ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ግን ተለውጧል፤ ፒካፕ ወደ ሰፈር ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከኋላ የተጫነው ምን እንደሆነ ነው።